ትኩረት ጌጅ የለውም፦ የትራክ ቀን አደጋ ከየት ይመጣል?

ጀርመን ውስጥ፣ አይፍል በሚባለው ጫካና ተራራ በበዛበት አካባቢ፣ ኑርቡርግሪንግ የሚባል የመኪና መወዳደሪያ አለ። አሮጌው ክፍሉ ኖርድሽላይፈ ይባላል፤ «የሰሜኑ ቀለበት» እንደማለት ነው። የተከፈተው በ1927 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ውድድር በሌለባቸው ብዙ ቀናት በሩ ለሕዝብ ይከፈታል። መንጃ ፈቃድና ለመንገድ ብቁ የሆነ ባለታርጋ መኪና ያለው ሰው የዙሩን ሒሳብ ከፍሎ ይገባል። ከ2025 ወዲህ ግን በእነዚህ ቀናት ሞተር ሳይክል አይገባም። አስተዳደሩ የሰጠው ምክንያት ደኅንነት ነው።

ሞተረኞች ቅር ቢላቸው አይገርምም። ግጭት ሲደርስ ይበልጥ የሚጎዳው ሞተረኛው ነው። ውጣ የተባለውም እሱ ሆነ። ነገሩ ግን ከሞተር ሳይክል ይሰፋል። ከእንዲህ ዓይነት ቦታ የአደጋ ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ሁለት ፍርድ ይሰማል። አንዱ «ፍጥነት ነው የገደለው» ይላል። ሌላው «መንዳት ስለማይችል ነው» ይላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ለእኔ ግን ሁለቱም ዋናውን ዘለውታል። ትራክ (የመወዳደሪያ ሜዳ) ላይ ከነዳጁም ከጎማውም ቀድሞ የሚያልቀው የሾፌሩ ትኩረት ነው። ነዳጅ ጌጅ አለው። የሞተር ሙቀትም ጌጅ አለው። ለትኩረት የተሠራ ጌጅ የለም። ስለዚህ ማለቁ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

ውድድርም አይደለም፣ የሰፈር እሽቅድምድምም አይደለም

በሕዝብ ወሬ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ። አንዱ ውድድር ነው፤ ፈቃድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ለማሸነፍ ይሮጣሉ። ሁለተኛው በሌሊት አስፋልት ላይ የሚደረግ እሽቅድምድም ነው፤ ይህ ወንጀል ነው። ሦስተኛው «ትራክ ዴይ» ወይም የትራክ ቀን ነው። ተራ ሰው የራሱን ወይም የተከራየውን መኪና ይዞ፣ ከፍሎ፣ በተዘጋ የመወዳደሪያ ሜዳ ላይ የሚነዳበት ቀን ማለት ነው። አሸናፊ የለም። ዋንጫ የለም። ብዙ ቦታ ሰዓት መያዝም ክልክል ነው።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ጠዋት ሁሉም ተሰብስቦ ማብራሪያ ይሰማል፤ ብሪፊንግ ይሉታል። መኪናው ይፈተሻል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ የሚያፈስ ነገር መኖር አለመኖሩ። ነጂዎቹ በልምድ ይከፈላሉ። ጀማሪ ከጀማሪ ጋር፣ የለመደ ከለመደ ጋር። አንዱ ቡድን 20 ደቂቃ ያህል ነድቶ ይወጣና ሌላው ይገባል። ይህች 20 ደቂቃ ሴሽን ትባላለች። መኪኖቹ የሚያርፉበትና የሚነሡበት ቦታ ደግሞ ፒት ነው።

ማለፍም እንደፈለጉ አይደለም። ጀማሪዎች የሚተላለፉት በተወሰኑ ቀጥ ያሉ ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ያውም ከፊት ያለው ሾፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ «በዚህ በኩል እለፍ» ብሎ ሲጠቁም። የታክሲ ረዳት እጁን አውጥቶ እንደሚለምነው ዓይነት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ እጁ ካልወጣ ማለፍ የለም።

ዌስት ቨርጂንያ ያለው ሰሚት ፖይንት ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። እዚያና በሌሎች የአሜሪካ ትራኮች ቀኑ ብዙ ጊዜ ትምህርት የተቀላቀለበት ነው። አስተማሪ ከጎን ይቀመጣል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ደግሞ ፎርሙላ ዋን የሚሮጥበት የአቡ ዳቢው ያስ ማሪና ራሱ በሌሎች ቀናት ለተራ ሰው ይከፈታል።

ኖርድሽላይፈ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በሕዝብ ቀናት በሕግ ፊት የሚቆጠረው እንደ ትራክ አይደለም። አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው የክፍያ መንገድ ነው። የጀርመን የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል። ማለፍ በግራ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄደው ወደ ቀኝ ይጠጋና የቀኝ ፍሬቻ ያሳያል። የችሎታ ቡድን የለም። አስተማሪ የለም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ቱሪስትና መንገዱን እንደ ጓዳው የሚያውቅ ሰው አንድ ላይ ይነዳሉ። የቤተሰብ መኪናና ለእሽቅድምድም የቀረበ ግን ለመንገድ የተፈቀደ ጎማ ያሰረ ፖርሽ አንድ ማዞሪያ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ላይ ሞተር ሳይክል ሲጨመር አስቡት። ሞተር ከመኪና የተለየ ቦታ ላይ ፍሬን ይይዛል፤ ማዞሪያውንም በሌላ መስመር ይይዛል። ስፖኪዮ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከታየ።

የአስተዳደሩ ውሳኔ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትርጉም ይሰጣል። እያንዳንዱ ሾፌር መከታተል ያለበት የተሽከርካሪ ዓይነት በአንድ ቀነሰ። የሞተረኞቹ ቅሬታም ግን ከንቱ አይደለም። የፍጥነትና የልምድ መደባለቁ መኪኖቹም መሃል አለ። እሱ ዛሬም እንዳለ ነው።

አንድ ማዞሪያ፣ ሦስት ሰከንድ

ትኩረት ስንል ምን እንደሆነ ለማየት አንድ ማዞሪያ ብቻ እንውሰድ።

መኪናው በ180 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየመጣ ነው። ይህ በሰከንድ 50 ሜትር ነው። የእግር ኳስ ሜዳን ግማሽ በአንድ ሰከንድ። ማዞሪያው በ80 የሚያዝ ነው እንበል። ጥሩ ጎማ ያለው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ከ180 ወደ 80 ለመውረድ ከሦስት ሰከንድ ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። 115 ሜትር ያህል ይሄዳል። በእነዚህ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ሾፌሩ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ይረግጣል። ማርሽ ይቀንሳል። ከዳር የቆመውን ባንዲራ ያዥ ያያል። ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየለቀቀ መሪውን ይጀምራል። ዓይኑ ደግሞ ከእጁ ቀድሞ ማዞሪያው ውስጥ መግባት አለበት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ከኋላ አንድ ፈጣን መኪና ተጠግቷል። ሾፌሩ አንድ ሰከንድ ስፖኪዮ አየ። ያቺ ሰከንድ 50 ሜትር ናት። ፍሬን ሊይዝበት ካሰበው ቦታ ግማሽ ያህሉ ሳያየው አለፈ። ፍጥነቱ አልተለወጠም፤ ችሎታውም ያው ነው። የጎደለችው አንድ ሰከንድ ናት።

ዓይን የት ማየት እንዳለበት የተጠና ነገር ነው። ማይክል ላንድ እና ዴቪድ ሊ በ1994 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሾፌሮች የት እንደሚያዩ በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ሾፌሮቹ የሚያዩት የማዞሪያው የውስጥ ጠርዝ ጎልቶ ወጥቶ የሚታጠፍባትን ነጥብ ሆኖ ተገኘ። ያውም ማዞሪያው ላይ ከመድረሳቸው አንድ ሁለት ሰከንድ ቀድመው። ላንድ በኋላ የውድድር ሾፌሩን ቶማስ ሼክተርን እንግሊዝ ውስጥ ማሎሪ ፓርክ ላይ ተከታተለ። እሱ ከዓይኑ በላይ ጭንቅላቱን ነበር የሚያዞረው። ጭንቅላቱ ከመኪናው ቀድሞ ይዞራል።

ጀማሪ ግን ከኮፈኑ ፊት ያለችውን አስፋልት ነው የሚያየው። ይህ ፍርሃት ነው፤ ሲፈራ ሰው ቅርቡን ያያል። የትራክ አስተማሪዎች ቀኑን ሙሉ የሚደጋግሙት ቃልም «ዓይንህን አንሣ» የሚል ነው። ከተግሣጽ በላይ ሒሳብ ነው። ሩቅ ያየ ሰው ለማሰብ ሁለት ሰከንድ ይተርፈዋል። ቅርብ ያየ ሰው ሁሉ ነገር ድንገት ይሆንበታል።

ኖርድሽላይፈ ላይ ይህን በዓይን ማየት የሚቻልበት ቦታ አለ። ፉክስሮረ ወይም «የቀበሮ ቱቦ» የሚባል ቁልቁለት አለ። መኪናው እዚያ ይምዘገዘጋል፤ ከታች ወለሉ ላይ ሰውነትን ወደ ወንበር የሚጫን ጉድጓድ ያልፋል። ከዚያ ዳገት ይጀምራል። ከዳገቱ በኋላ አዴናወር ፎርስት የሚባል ዝግተኛ ጥምዝ አለ። ችግሩ ጥምዙ ቀድሞ አይታይም። መንገዱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። የማያውቀው ሰው ቀጥ ብሎ ይሄድና ሣሩ ላይ ይገባል። ለዚህ ነው ካሜራ የያዘ ተመልካች እዚያ የማይጠፋው። ቪዲዮውን አይተን ስንስቅ የምናየው ግን በአብዛኛው የዕብሪት ውጤት አይደለም። ቁልቁለቱ ትኩረቱን በልቶበት፣ ቀጣዩን ለማሰብ ያልተረፈው ሰው ነው።

ትኩረትን የሚሰርቀው ማን ነው?

በ1999 ዳንኤል ሳይመንስ እና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎች ኳስ የሚቀባበሉ ተጫዋቾችን ቪዲዮ እያዩ ቅብብሉን እንዲቆጥሩ ተጠየቁ። በመሃል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን ደቅቶ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን አላዩትም። ዓይናቸው ክፍት ነበር። ሐሳባቸው ግን ቆጠራ ላይ ነበር።

የትራክ ጎሪላ ቢጫ ባንዲራ ነው። ትራኩ ዳር ማርሻል የሚባሉ ሠራተኞች ይቆማሉ። ቢጫ ሲያውለበልቡ «ፊት ለፊት አደጋ አለ፣ ቀንስ፣ አትለፍ» ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ሴሽኑ ቆሟል፤ ሁሉም በዝግታ ወደ ፒት ይመለሳል። ቢጫ ከቀይ ሰንበር ጋር ከታየ መንገዱ ላይ ዘይት ወይም ሌላ የሚያንሸራትት ነገር አለ። ባንዲራው ትልቅ ነው። ቦታው ይታወቃል። ሆኖም የዙር ሰዓቱን እያሰበ የሚነዳ ሰው አጠገቡ ሲያልፍ ላያየው ይችላል። ስትነግሩትም «ባንዲራ አልነበረም» ብሎ ይምላል። እየዋሸም አይደለም።

ሌባው ብዙ ነው። ከጎን የተቀመጠ ጓደኛ አንዱ ነው። ጓደኛው ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ይስቃል፣ «ኧረ ጨምር!» ይላል። ዳሽቦርድ ላይ የተለጠፈ ስልክ ሌላው ነው። ከፊት ያለውን መኪና ካልያዝኩ የሚል እልህ ደግሞ አለ። እንግሊዞቹ ይህን «ቀይ ጉም» ይሉታል። እኛ ደሙ ፈላ እንላለን፤ የእኛ ይሻላል። እልህ የገባ ሾፌር መንገዱን ትቶ የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ነው የሚነዳው። ያኛው ሲሳሳት አብሮት ይሳሳታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ዓይን በአደጋው ላይ መትከል ነው። መኪናው መንሸራተት ሲጀምር ሾፌሩ ሊመታው የፈራውን ግድግዳ ያያል። እጅ ዓይንን ይከተላል። መሪው ወደዚያው ይሄዳል። መፍትሔው ለመናገር ቀላል ነው፤ መውጫውን ማየት። ለመሥራት ግን ልምምድ ይጠይቃል። ሰው የፈራውን ነገር ትቶ ሌላ እንዲያይ ተፈጥሮው አይደግፈውም።

ድካምም አለ። በብዙ ቦታ የፊት መስኮቶች ክፍት እንዲሆኑ ይጠየቃል። ሔልሜቱ ይሞቃል፤ የሞተሩ ሙቀት ይገባል፤ ላብ ይወርዳል። ውሃ ያልጠጣ ሰው ከምሳ በኋላ ጠዋት የነበረው ሰው አይደለም። ሆኖም ራሱን የሚያየው በጠዋቱ ችሎታው ነው፤ እንዲያውም መንገዱን ስለለመደ የተሻልኩ ይመስለዋል። ልምዱ ወደ ላይ፣ ትኩረቱ ወደ ታች። ሁለቱ መስመሮች የሚተላለፉት ከሰዓት በኋላ ነው። የለመዱ ሰዎች «የመጨረሻው ዙር» የሚባል ነገር አይወዱም። ልባቸው ሲጠግብ ሳይናገሩ ይወጣሉ።

ፍሬኑ ሲሰምጥ

ይህ ሁሉ ሲባል መኪናው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ትኩረትን በአንድ ጊዜ ሙልጭ አድርጎ የሚወስደው የፍሬን መሰወር ነው።

ሒሳቡን እንየው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ200 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት 2 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ስድስት ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። (አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ይጨምራል፤ ከፍታው ውሃውን ቀድሞ ያፈላዋል።) ይህ አንድ ፍሬን አያያዝ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል፤ ዙሩም ይደገማል። ከተማ ውስጥ ለዓመታት ያገለገለ ፍሬን እዚህ በ15 ደቂቃ ይጮኻል።

ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው የፍሬን ሸራ ነው። ከሚችለው ሙቀት ካለፈ መያዙን ይተዋል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለተኛው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የተለመደ ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። አረፋ ይጨመቃል፤ ዘይት አይጨመቅም። ሾፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በዚያች ቅጽበት ስለ መስመርም ስለ ማርሽም የሚያስብ ሰው የለም።

ስለዚህ ከትራክ በፊት የፍሬን ዘይት መቀየር ርካሹ መድኅን ነው። በሴሽኑ መጨረሻ ፍሬን ሳይነኩ አንድ ዙር በዝግታ ነድቶ ማቀዝቀዝም እንዲሁ። ፒት ሲደርሱ ደግሞ የእጅ ፍሬን አይሳብም። የጋለው ሸራ የጋለው ብረት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መኪናው በማርሽ ይያዛል።

ጎማም ይታለላል። ጥርሱ ስላለ ብቻ ጎማ ጎማ አይደለም። ተዋናዩ ፖል ዎከር በ2013 በሞተበት አደጋ፣ ፖርሽ ካሬራ ጂቲዋ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ጎማዎች ላይ ነበረች። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው አሉ። ያ የሆነውም ተራ መንገድ ላይ ነው። የጎማ ዕድሜ ግን ጎኑ ላይ ተጽፏል። DOT ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰውም የምትጠቅም ቁጥር ናት።

ሾፌሩ ብቻ ነው ወይ?

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ሰው ጭንቅላት ነው። ሁለት የታወቁ አደጋዎች ግን ወደ ሌላ ቦታ ያመለክታሉ።

የመጀመሪያው ጁን 2005 ካሊፎርኒያ፣ ፎንታና ውስጥ የደረሰው ነው። የክለብ የትራክ ቀን ነበር። አንድ ፌራሪ ከፒት ወጥቶ ወደ ትራኩ ይገባል፤ ባንዲራ ያዡ ግባ ብሎታል። ገና ፍጥነት አልያዘም። ከኋላ በቀጥታው ላይ ካሬራ ጂቲ እየተምዘገዘገ ይመጣል። የፖርሹ ሾፌር ለማምለጥ መሪ ቆረጠ፤ መኪናው ከቁጥጥር ወጣ፤ ግድግዳ መታ። ሾፌሩም አብሮት የነበረውም ሞቱ። ሁለቱም ወረቀት ፈርመው ነበር። «የሚደርሰውን አደጋ አውቄ ገብቻለሁ» የሚለው ወረቀት ግን ክሱን አላስቀረም። ጉዳዩ በ2007 በ4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በስምምነት አለቀ። ተከሳሾቹን ልብ በሉ፦ የሟቹ ሾፌር ውርስ፣ የትራኩና የዝግጅቱ ሰዎች፣ የፌራሪው ሾፌርና አምራቹ ፖርሽ። ክሱ ውስጥ ግድግዳው የቆመበት ቦታ ሳይቀር ተነሥቷል።

ሁለተኛው ኤፕሪል 2015 ፍሎሪዳ፣ ዲስኒ ወርልድ ስፒድዌይ ላይ ነው። ሰው ከፍሎ ላምቦርጊኒ የሚነዳበት አገልግሎት ነበር። አንድ ወጣት ደንበኛ እየነዳ ሳለ መኪናው ከቁጥጥር ወጣ። ከጎኑ የተቀመጠው አስተማሪ ሞተ። ነገሩ ሲመረመር አንድ የሚገርም ዝርዝር ወጣ። መኪኖቹ የሚነዱት ትራኩ ከተሠራበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነበር። የብረት መከላከያ ጫፍ የሚሸፈነው መኪና ከሚመጣበት አቅጣጫ ታስቦ ነው። አቅጣጫው ሲገለበጥ ጫፉ ራቁቱን ፊት ለፊት ቀረ። መኪናው የገባበት እዚያ ላይ ነው።

በሁለቱም ቦታ ሾፌሩ ጥፋት የለውም ለማለት አይደለም። ግን ከፒት የሚወጣና በቀጥታው የሚመጣ መኪና የሚገናኙበትን ቦታ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። አቅጣጫውንም እንዲሁ። ጥሩ አዘጋጅ ማለት የሾፌሩን ትኩረት ከማያስፈልግ ነገር የሚያድን ሰው ነው። የማለፊያው ደንብ፣ የችሎታው ቡድን፣ ከፒት የሚወጣበት መስመር ሁሉም ለዚያ ነው። ደንቡ ሲበዛ የሚያጉረመርሙ አሉ። ነገር ግን «ማነው አሁን የሚያልፈኝ? በየት በኩል?» ብሎ የማያስብ ሾፌር፣ ሐሳቡ በሙሉ ማዞሪያው ላይ ነው።

የሚያከራክሩ ነገሮች

ሰዓት መያዝ አንዱ ነው። የሚከለክሉት ሰዎች ሰዓት የትራክ ቀንን ወደ ውድድር ይቀይራል ይላሉ። ከመድን ጋርም ይያያዛል፤ ብዙ የመኪና መድኖች ሰዓት የሚያዝበትን መንዳት ከሽፋናቸው ያወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ትራክ ላይ የደረሰን ነገር ጨርሶ አይከፍሉም። የሚደግፉት ደግሞ ያለ ሰዓት መሻሻልን ማወቅ አይቻልም ባዮች ናቸው። እኔ ከማይታይ ሰዓት ጋር ችግር የለብኝም። መሣሪያው ይመዝግብ፤ ሾፌሩ ፒት ገብቶ ያንብበው። ችግሩ እየነዱ ማንበቡ ላይ ነው።

ሁለተኛው አስተማሪው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ከጎን መቀመጡ ለተማሪው ጥቅሙ ትልቅ ነው። አስተማሪው የተማሪውን ዓይን ያያል፣ ፍርሃቱን ይሰማል፣ ሳይዘገይ «ቀንስ» ይላል። ግን ፔዳል የለውም። የማያውቀው ሰው የሚነዳው የማያውቀው መኪና ውስጥ ነው ያለው። በኮቪድ ጊዜ አንዳንድ አዘጋጆች በሬዲዮ ማስተማርን ወይም አስተማሪው በራሱ መኪና እየመራ ተማሪው እንዲከተል ማድረግን ሞክረዋል። ይህ አስተማሪውን ያድናል፤ ተማሪውን ግን የቅርብ ዓይን ያሳጣዋል። ለመጀመሪያው ቀን መምራትና መከተል ይበቃል የሚሉት ክርክር ያሳምነኛል። መኪኖች በየዓመቱ ፈጣን እየሆኑ ነው፤ የጀማሪ ልምድ ግን ሁልጊዜ ዜሮ ነው።

ሦስተኛው በግማሽ የተሠራ ጥንቃቄ ነው። አንዳንዱ ተራ መኪናው ላይ የውድድር ቀበቶ ያስገባል። ቀበቶው ትከሻን ወንበር ላይ ቸንክሮ ይይዛል። ሲጋጭ ግን ጭንቅላት ከነሔልሜቱ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጭነቱ ሁሉ አንገት ላይ ያርፋል። በፌብሩዋሪ 2001 አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት ዴይቶና ላይ የሞተው በራስ ቅል ሥር ስብራት ነበር። ጭንቅላትን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘው ሃንስ የሚባለው መሣሪያ ያኔ ተሠርቶ ነበር፤ ሮበርት ሀበርድ እና ጂም ዳውኒንግ በ1980ዎቹ የሠሩት ነው። እሱ ግን አላሰረም። በዚያው ዓመት እሱ የሚወዳደርበት ናስካር እንዲህ ዓይነት የአንገት መከላከያን ግዴታ አደረገ፤ ፎርሙላ ዋን ደግሞ ሃንስን በ2003። ተራ መኪና ላይ የውድድር ቀበቶ ያለ ሃንስ፣ ጣሪያን የሚደግፍ ብረትም ሳይኖር ማሰር፣ ፋብሪካው ከሠራው ቀበቶና ኤርባግ ሊከፋ ይችላል።

ወዴት እየሄደ ነው?

ኑርቡርግሪንግ ላይ የሞተር ሳይክሉ ውሳኔ የመጨረሻው አይመስልም። ሰው በበዛ ቁጥር መለያየት ይመጣል። የቡድን ክፍፍል ወደሌለበት ቦታ ክፍፍል ይገባል፤ ዋጋም አብሮ ይወጣል። አሁንም ቢሆን እዚያ የብረት መከላከያ የገጨ ሰው የሚከፍለው የራሱን መኪና ብቻ አይደለም። የተጣመመው ብረት ሒሳብ ይመጣለታል።

የኤሌክትሪክ መኪናም አዲስ ጥያቄ አምጥቷል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝኑ ብዙ ናቸው። ክብደቱ ፍሬንና ጎማ ላይ ይወርዳል። ለጀማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ይጎድላል፤ የሞተሩ ድምፅ። ብዙ ሰው ፍጥነቱን ሳያውቀው በጆሮው ነው የሚለካው። ጸጥ ያለ መኪና ውስጥ 180 እንደ 120 ሊሰማ ይችላል። ኢትዮጵያ በ2024 ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ የትራክ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

የፍጥነት መላመድ ራሱ የታወቀ ነገር ነው። ረዘም ላለ ጊዜ በከፍተኛ ፍጥነት የነዳ ሰው ሲቀንስ፣ ካለበት ፍጥነት በታች ያለ ይመስለዋል። ኖርድሽላይፈን ጨርሶ የወጣ ሰው ፊቱ የሚጠብቀው ተራ የገጠር መንገድ ነው፤ ትራክተርና ትምህርት ቤት ያለበት። እዚያ 100 እንደ እግር ጉዞ ይሰማዋል። ዓይኑን ለጊዜው ማመን አይችልም፤ ስፒዶሜትሩን ነው የሚያምነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ይቀረዋል። ትራክ ላይ ጎማ ሲግል ንፋሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ነጂዎች በጋለበት ይቀንሱታል። ጎማው ሲቀዘቅዝ ያ ንፋስ ያንሳል። ፒት ላይ ቀኑ ሲያልቅ፣ ሁሉም ሔልሜቱን አውልቆ ፎቶ ሲነሣ፣ ጥግ ላይ ተንበርክኮ አራቱንም ጎማ ንፋስ የሚሞላ ሰው ታያላችሁ።